ገረስሌ ላይ የቆመው ባቡር

ባቡሩ የሺኒሌን የመጨረሻ ቤቶች አልፎ ወደ ሜዳው ሲወጣ ፈርዶውሳ ከነጂው ጀርባ የብረት መያዣውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማ ነበር። መቀመጫ ነበረ፤ አልተቀመጠችበትም። ከጅግጅጋ ስትነሳ ባቡር ላይ ተሳፍራ እንደማታውቅ ለማንም አልተናገረችም። አሁን ግን ሎኮሞቲቩ በተንገጫገጨ ቁጥር ስትንገዳገድ ነጂው አቶ የጌታሁን ሳያዩት አልቀሩም።

"እግርሽን ከፈት አድርገሽ ቁሚ" አሏት ዓይናቸውን ከሐዲዱ ሳይነቅሉ። "ግመል ላይ እንዳለሽ ቁጠሪው።"

"ግመል ላይም ወጥቼ አላውቅም፣ ጋሽ የጌታሁን። የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። አባቴ ቶጎጫሌ ዕቃ ሲያመላልስ ያደግኩት አይሱዙ ላይ ነው።"

"አይሱዙ!" ብለው ሳቁ። "እንግዲያው መንገጫገጭ ለምደሻል።"

ጊዜው 2005 ዓ.ም. ኅዳር ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አሮጌው ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ሐዲዱ ዝጎ፣ ጣቢያዎቹ ጣሪያቸው ተገንጥሎ፣ ሠራተኞቹ ጡረታ ወጥተው ከተማው ውስጥ ተበትነው ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ግን እነዚያው ጡረተኞች ተጠርተው አንዱን ሎኮሞቲቭ አስነሱትና ጠዋትና ማታ ከድሬዳዋ ሺኒሌ እያለ ይመላለስ ጀመር። የቀን ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ወተት ሻጩ ተሳፈረበት። አሁን ጥያቄው ከሺኒሌ ወዲያ ወዳሉት ከተሞች፣ ወደ ሐረዋና ወደ አዲጋላ ይቀጥል ወይስ እዚያው ይብቃ የሚል ነበር። ፈርዶውሳ ከክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ የተላከችው ይህንኑ አይታ እንድትመለስ ነው።

የቢሮዋ ኃላፊ አቶ ማሃድ ከጅግጅጋ ሲሸኟት ነገሩን አላድበሰበሱትም። "አዲጋላ ደርሶ በማግስቱ ከተመለሰ የክልሉን የገንዘብ ድጋፍ እፈርማለሁ" ብለዋት ነበር። "መንገድ ላይ ከተገተረ ግን እስከ ሺኒሌ ያለው ይበቃናል። አንዴ ሰው ተስፋ አድርጎ ባቡሩ ከቀረ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያምነንም።"

"ከሺኒሌ ወዲያ ያለው ሰውስ?" ብላ ጠይቃለች።

"እሱን ነው እኔም የማስበው። አውቶቡስ ያንን መንገድ አይችለውም። ሂጂና እይው።"

አቶ የጌታሁን ድሬዳዋ ከዚራ፣ ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። አባታቸውም ነጂ ነበሩ። አማርኛውን፣ ሶማልኛውን፣ ኦሮምኛውንና ፈረንሳይኛውን በአንድ ትንፋሽ ሲቀላቅሉት ማንም አይገረምም። ያን ቀን የድሮውን ሰማያዊ የሥራ ኮት ለብሰው፣ የናስ ቁልፎቹን ወልውለው፣ ቆባቸውን ዝቅ አድርገው ደፍተው ነበር የመጡት። ኮቱ ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ይህ ጉዞ በሕይወታቸው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ግን ከአለባበሳቸው ያስታውቃል።

ከሎኮሞቲቩ ኋላ ሁለት የመንገደኛ ፉርጎዎች፣ አንድ የውሃ ቦቴ፣ በመጨረሻም የጥገና ዕቃ የጫነ ክፍት ተሳቢ ተከትለዋል። በተሳቢው ላይ መላኩ ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ተቀምጧል፤ የሐዲዱ ኃላፊ እሱ ነው። በመጀመሪያው ፉርጎ ሳጅን ጉሃድና ጥቂት ፖሊሶች አሉ። በሁለተኛው ደግሞ የሺኒሌ ወተት ነጋዴዎች፣ በራሳቸው ጥያቄ የመጡ፣ በወይዘሮ ሻሚስ የሚመሩ።

ሻሚስ ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ ከሺኒሌ እስከ አዲጋላ ያለውን ሰው በስም ከነአባቱ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ጠዋት ጣቢያው ላይ ፈርዶውሳን እጇን ይዘው "ባቡሩ ሲቆም ወተታችንም ቆመ፤ ግመሉ አላወቀም፣ ማለቡን ቀጠልን፣ የምንሸጥበት ግን አልነበረም" ብለዋታል። ፈርዶውሳም ከዚያ ወዲህ "ኤዶ" እያለች ትጠራቸው ጀመር። በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው።

ሐረዋ ሲደርሱ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ጣሪያ የሌለው ጣቢያ ግድግዳ ላይ ልጆች ተደርድረዋል። አንድ ሽማግሌ ወደ ሎኮሞቲቩ ተጠግተው የሞተሩን ሙቀት በመዳፋቸው ሞከሩና እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳረፉ፤ ዱዓ እንዳደረሰ ሰው። አቶ የጌታሁን በመስኮቱ አይተዋቸው ሌላ ነገር የሚፈልጉ መስለው ዞር አሉ። ፈርዶውሳ ስልኳን አውጥታ ለአቶ ማሃድ ሐረዋ መድረሳቸውን ነገረቻቸው። "ቀጥሉ" አሏት።

ከሐረዋ ወዲያ መሬቱ ተለወጠ። ድንጋዩ ጠቆረ፣ ግራሩ ሳሳ፣ ደረቅ የአሸዋ ወንዞች ሐዲዱን በትናንሽ ድልድዮች ሥር ያቋርጡት ጀመር። የስልኩ ኔትወርክ ጠፋ። አቶ የጌታሁን ስለ አባታቸው እያጫወቷት ነበር። አባታቸው በዚህ መንገድ ላይ ጅብ፣ ሰጎን፣ አንድ ጊዜም የሠርግ ሰዎች ሐዲዱ ላይ ተኝተው አግኝተው ያውቁ ነበር። ወሬውን መሃል ላይ አቋረጡት። ፈርዶውሳ ቀና ብላ ስታያቸው ፊታቸው ተለዋውጧል።

እጃቸው ወደ ፍሬኑ ሄደ። ብረት ከብረት ጋር ተፋጭቶ ጮኸ፣ ከኋላ ፉርጎዎቹ እርስ በርስ ተገፋፉ፣ ፈርዶውሳ ደረቷ ከመስኮቱ ጋር ተላተመ። ባቡሩ እያቃሰተ ተንሸራቶ ቆመ።

ከፊታቸው ሐዲዱ አለ። ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች በቦታቸው ናቸው፤ ግን መሬት ላይ ተጋድመዋል። ከሥራቸው ሁለቱን አያይዘው የሚሸከሟቸው አግዳሚ ብረቶች የሉም። ተነቅለው ተወስደዋል። የነበሩበት ቦታ ብቻ በጠጠሩ ላይ እንደ መሰላል ደረጃ ታትሞ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያል።

መላኩ ከተሳቢው ዘሎ እየሮጠ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጥቂት ራመድ ብሎ ደግሞ አየ።

"ባለፈው ክረምት በሐዲድ ጋሪ እዚህ አልፈናል" አለ ሲመለስ። "አንድም የጎደለ አልነበረም።"

"መለዋወጫ አምጥተሃል?" አለችው ፈርዶውሳ።

"የተሰበረ ለመቀየር የሚሆኑ ጥቂት አሉኝ። ይሄን ያህል የሚሞላ ድሬዳዋም የለም።"

ወይዘሮ ሻሚስ ከፉርጎው ወርደው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ባዶውን ጠጠር ሲመለከቱ ቆዩ። "ወሬ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አሮጌው ሐዲድ ተነቅሎ ለብረት ማቅለጫ ሊሸጥ ነው የሚል። እኔም ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ገረስሌ አለች፤ መንደር ናት። ሌላ ሰው እዚህ አካባቢ የለም።"

ሳጅን ጉሃድ ይህን ሲሰማ ፖሊሶቹን ጠራ። ወጣት ቢሆንም ሥራውን የሚያከብር፣ ዩኒፎርሙ ላይ አቧራ የማይወድ ሰው ነው። "የመንግሥት ንብረት ነው የተሰረቀው" አለ። "ቤት ለቤት እንፈትሻለን፤ ብረቱን እናስመልሳለን። ጊዜ የለንም።"

"ከዚያስ?" አሉት ሻሚስ።

"ከዚያ ባቡሩ ያልፋል።"

"ዛሬ ያልፋል። ነገ ሲመለስስ ማን ይጠብቀዋል? አንተ እዚህ ድንኳን ተክለህ ታድራለህ? በጠመንጃ ያስመለስከውን ብረት እኛ ዞር ስንል መልሰው ይነቅሉታል። እኔ ብሆን እነቅለዋለሁ።"

ሳጅኑ ወደ ፈርዶውሳ ዞረ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። የጉዞው ኃላፊ እሷ ናት። ስልኳን አየችው፤ ኔትወርክ የለም። አቶ ማሃድን መጠየቅ አትችልም። ባቡሩን ወደ ሐረዋ መመለስ ትችላለች፤ ማንም አይወቅሳትም። ያየችውን ሄዳ ትናገራለች፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ የሐረዋው ሽማግሌም ያንን ሞተር ሁለተኛ አይነኩትም። ፖሊሶቹን መላክም ትችላለች። ግን እሷ ራሷ በልጅነቷ ጅግጅጋ ቤታቸው ሲፈተሽ፣ እናቷ በር ላይ እንደቆመች አይታለች።

"ሳጅን" አለችው "ሰዎችህ ባቡሩን ይጠብቁ። እኔና ኤዶ ሻሚስ በእግር እንሄዳለን። መላኩም ይምጣ፣ ብረቱን እሱ ነው የሚያውቀው።"

"ያለ ጥበቃ?"

"ያለ ጠመንጃ። አንተ ከፈለግህ ና፤ መሣሪያህን ግን እዚህ ተወው።"

ጉሃድ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ተከተላት። አቶ የጌታሁንም ማንም ሳይጠራቸው ከሎኮሞቲቩ ወርደው ከኋላቸው መጡ።

ገረስሌ ትንሽ መንደር ናት። ጥቂት የጭቃና የድንጋይ ቤቶች፣ በሰሌን የተሸፈኑ ጎጆዎች፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የመማሪያ ክፍል። አግዳሚ ብረቶቹን ለመፈለግ ፍተሻ አላስፈለገም። በየቤቱ ይታያሉ። የበር ድጋፍ ሆነዋል፣ የጣሪያ ወጋግራ ሆነዋል፣ የፍየል ማጎሪያ አጥር ሆነዋል። የጉድጓዱን አፍ እንዳይናድ ዙሪያውን ይዘውታል። የመማሪያ ክፍሉን ቆርቆሮ ተሸክመዋል። መላኩ ዞር ዞር እያለ አየና "በደንብ ነው የሠሩት" አለ ለራሱ።

የመንደሩ ትልቅ ሰው ኤልሚ ይባላሉ። በሂና የቀላ ጢማቸውን እያሻሹ በደጃፋቸው ተቀብለዋቸው ምንጣፍ አስነጠፉ። ወተት ቀረበ። ሻሚስ የአባት የእናቱን ሰላምታ እስኪጨርሱ ድረስ ማንም ስለ ብረቱ አላነሳም። በመጨረሻ ራሳቸው ኤልሚ ጀመሩ።

"ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ፍሬኑ ሲጮህ ሰምተናል" አሉ። "ባቡሩ ቀረ ተባልን፤ ቀረ። ቀጥሎ ብረቱ ተጭኖ ሊሸጥ ነው ተባልን። ከደጃፋችን ሌላ ሰው ጭኖት ሲሄድ ከምናይ ብለን እኛ አነሳነው። ሰርቃችኋል ካላችሁን አልከራከርም።"

"ልንከስ አልመጣንም፣ አዴር" አለች ፈርዶውሳ። አዴር ሶማሌው አጎቱን፣ ትልቅ ሰውንም በአክብሮት የሚጠራበት ነው። "ባቡሩ ተመልሷል። አዲጋላ እንዲደርስ ነው የምንፈልገው።"

"እዚህ ይቆማል?"

ጥያቄው በለሆሳስ ነበር የመጣው። ፈርዶውሳ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሽማግሌው ቀጠሉ።

"ድሮም አይቆምም ነበር። ከሐረዋ ይነሳል፣ አዲጋላ ይወርዳል፤ እኛ መሃል ነን። ባለቤቴ ኢስተሂል የመጨረሻ ልጃችንን ወልዳ ደም እየፈሰሳት ሐዲዱ ዳር በአልጋ አውጥተናት ጨርቅ ስናውለበልብ አለፈን። ነጂው አላየንም ይሆናል። አይቶም እንዳይቆም ታዞ ይሆናል፤ ሰው ላይ አልፈርድም። ሐረዋ ሳንደርስ ሞተች።" ጢማቸውን ለቀቁት። "እና ልጄ፣ ይህን ቤት አፍርሼ ብረቱን ብሰጥሽ ባቡሩ ይቆማል ወይስ ያልፋል?"

አቶ የጌታሁን ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። መላኩ መሬት መሬት ያያል። ጉሃድ ፈርዶውሳን ያያል። ይቆማል ማለት ቀላል ነበር። ከጅግጅጋ የመጣች ናት፤ ያምኗታል፤ ብረቱ ይመጣል፤ አዲጋላ ይደርሳሉ። በኋላ ባይቆምስ? የባቡሩ ድርጅት የመቆሚያዎቹን ዝርዝር የሚያወጣው በራሱ ነው፤ መድረክና ጣቢያ የሌለውን ቦታ እንደማይቀበል ታውቃለች።

"አላውቅም፣ አዴር" አለች። "ይቆማል ብዬ ቃል የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ባየሁትና በሰማሁት ልክ ለሚወስኑት እናገራለሁ፤ እስኪሰለቹኝ ድረስ እናገራለሁ። ከዚህ የበለጠ በእጄ የያዝኩት ነገር የለም። የመጣሁት ልለምናችሁ ነው።"

ኤልሚ የወተት ዕቃውን ከፊታቸው ፈቀቅ አደረጉ።

"ይቆማል ብትይኝ ኖሮ ወተታችሁን ጠጥታችሁ በሰላም ሂዱ ነበር የምላችሁ" አሉ ኤልሚ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና ወደ ወንዶች ልጆቻቸው ዞሩ። "ጣሪያውን አውርዱ። ከእኔ ቤት ጀምሩ።"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኤልሚ ራሳቸው ምርኩዛቸውን አስደግፈው የጣሪያውን ገመድ መፍታት ሲጀምሩ ግን ሮጠው ቀደሟቸው። ሰሌኑ ወረደ፣ ጭራሮው ወረደ፣ ወጋግራ የነበሩት ብረቶች አንድ በአንድ በትከሻ ወጡ። ጎረቤቶች ከየደጃፋቸው ቆመው ይመለከቱ ነበር። አንዲት ሴት ማንንም ሳታናግር ገብታ የፍየል ማጎሪያዋን አጥር መንቀል ጀመረች። ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው አልነበረም። በመንደሩ ውስጥ የሚሰማው የብረት መንቋቋትና የአህያ ኮቴ ብቻ ሆነ።

ፈርዶውሳ ኤልሚ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ለማውጣት ልታግዝ ስትገባ ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘች። ሆዷ ገፍቷል። እግሮቿ አብጠው ጫማ ውስጥ አይገቡም። ፊቷም አብጧል።

"ደህና ነሽ?" አለቻት።

"ራሴን ያመኛል" አለች ሴትየዋ። "አንዳንዴ ዓይኔ ይጨልምብኛል። ፀሐይ እንዳይመታኝ እዚህ ተቀመጥኩ።"

ፈርዶውሳ ወደ ላይ ቀና አለች። ጣሪያው ግማሽ በግማሽ ተነስቶ ሰማዩ ይታያል።

ውጭ ሻሚስን አገኘቻቸው። "ኢዲል ናት፣ የኤልሚ ልጅ" አሏት ሻሚስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አዋላጇ ድሬዳዋ ሆስፒታል ካልደረሰች አይሆንም ብላቸዋለች። እናቷም እንዲሁ አብጣ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም? ስለ ሟች ሚስታቸው ነገሩኝ እኮ።"

"እንዲህ ነው ሰውየው" አሉ ሻሚስ። "በልጁ አይደራደርም።"

መላኩ የመማሪያ ክፍሉ ላይ ያሉትንና የጉድጓዱን አፍ የያዙትን ብረቶች አትንኩ አለ። ጉሃድ "ይጎድልብሃል" ሲለው "በመካከላቸው ያለውን ርቀት አሰፋዋለሁ" ብሎ መለሰለት። "ባቡሩ በሰው እርምጃ ከተጓዘ ይሸከማል። ልጆቹ ላይ ቆርቆሮ ከሚወድቅ፣ ውሃቸው ከሚደፈን እሱ ይሻላል።"

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ብረት ሲጓዝ ዋለ። በአህያ ተጫነ፣ በግመል ተጫነ፣ በሰው ትከሻ ላይ በጨርቅ ተደግፎ ተጓዘ። ሁለት ሁለት ሆነው የሚሸከሙ ሴቶች ነበሩ፤ የሺኒሌዎቹ ወተት ነጋዴዎች ከገረስሌ ሴቶች ጋር ተደባልቀው ማን የየት እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ሳጅን ጉሃድ የዩኒፎርሙን ሸሚዝ አውልቆ በካናቴራ ቀረ፤ ፖሊሶቹም ባቡሩን የሚጠብቅ አንድ ሰው ትተው መጡ። የጥገና ሠራተኞቹ ሐዲዱን በማንሻ ከፍ ሲያደርጉ ሌሎቹ አግዳሚውን ከሥር ያስገባሉ፣ ጠጠር ይጠቀጥቃሉ፣ ማያያዣውን ይመታሉ። ማንም ማንንም አያዝም ማለት ይቻላል። መላኩ ብቻ ሐዲዱ ላይ ተንበርክኮ በአንድ ዓይኑ ያልማል፤ እጁን ሲያነሳ ያነሳሉ፣ ሲያወርድ ያወርዳሉ።

ፈርዶውሳም ተሸከመች። መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ ወገቧ ታመመ፤ በኋላ ሕመሙን ረሳችው። በቢሮ ሥራዋ ብዙ ስብሰባ ተቀምጣለች፤ ሕዝቡ ይሳተፋል የሚል ቃልም ብዙ ጊዜ ጽፋለች። የምትጽፈው ነገር እንዲህ ያለ መልክና እንዲህ ያለ ላብ እንዳለው አታውቅም ነበር።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል መላኩ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። "ይሞክሩት" አላቸው አቶ የጌታሁንን።

መንገደኛው ሁሉ እንዲወርድ ተደረገ። እስካሁን ሞተር ክፍሉ ውስጥ የነበረው ረዳታቸው ሊወጣ ሲል አቶ የጌታሁን በእጃቸው ከለከሉት። "እኔ ብቻ እበቃለሁ።"

"ጋሽዬ ሁለት ሰው ያስፈልጋል እኮ።"

"ለመገልበጥ አንድ ይበቃል" አሉና በሩን ዘጉ።

ሎኮሞቲቩ ተንቀሳቀሰ። ሰው በሁለቱም ወገን ከጎኑ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጎማ አዲሱ ቦታ ላይ ሲወጣ ሐዲዱ ወደ ታች ረገበ፤ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ብረቱ ረግቦ ረግቦ ቆመ፤ ያዘ። ሎኮሞቲቩ እንደ ታማሚ ሰው ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል እያለ አለፈ፤ ፉርጎዎቹ ተከተሉት፤ ቦቴው በክብደቱ ጠጠሩን እየቀጠቀጠ ተከተለ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አንድ ማያያዣ ተፈናጥሮ በአንዱ የኤልሚ ወንድ ልጅ እግር አጠገብ ወደቀ። መላኩ እጁን አነሳ፤ ባቡሩ ቆመ፤ በመዶሻ ተመለሰ፤ መላኩ እጁን አወረደ። የመጨረሻው ተሳቢ ደህናው ሐዲድ ላይ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ እንዳሉ መሬት ላይ ተቀመጡ።

አቶ የጌታሁን ከላይ ሲወርዱ ኮታቸው ከጀርባው በላብ ርሶ ነበር። በቀጥታ ወደ ኤልሚ ሄደው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። ምን እንደተባባሉ ፈርዶውሳ አልሰማችም። ከቦቴው ለመንደሩ ውሃ ተቀዳ፤ ጀሪካን ያለው ሁሉ ሞላ። ከዚያም ጉዞ ቀጠሉ። ኢዲልን ወደ አዲጋላ ይዞ መሄድ ከሆስፒታሉ ማራቅ ስለነበር በመመለሻቸው እንዲወስዷት ፈርዶውሳ አሰበች፤ ለኤልሚ የነገረቻቸው ግን ባቡሩ ነገ ጠዋት እንደሚመለስ ብቻ ነው።

አዲጋላ የደረሱት ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። እዚያ የነበረውን አቀባበል ከተማው ለዓመታት ሲያወራው ኖሯል። ፈርዶውሳ ግን በሕዝቡ መሃል አልፋ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣችና ለአቶ ማሃድ ደወለች። ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፦ ሐዲዱ መነቀሉን፣ ባቡሩ መቆሙን፣ ሰዎቹ ቤታቸውን ማፍረሳቸውን።

"ስለዚህ መንገድ ላይ ተገትሯል" አሉ አቶ ማሃድ።

"ተገትሯል። መልሰው ያስነሱት ግን እኛ አይደለንም። ገረስሌ መቆሚያ መሆን አለባት፣ አቶ ማሃድ።"

"ስለ ድልድይ፣ ስለ ሐዲድ ነበር የላክሁሽ። አሁን መቆሚያ ትጨምሪያለሽ።"

"አዎ።"

"ነገ በሰላም ተመለሺ። የባቡሩ ሰዎች ለደኅንነት ሲባል በመመለሻው መንገድ ላይ አዲስ ሰው እንዳይጫን ብለዋል። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

በማግስቱ ጠዋት ትእዛዙን ለአቶ የጌታሁን ነገረቻቸው። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ገረስሌ ሲቃረቡ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ በአዲሱ ቦታ ላይ በሰው እርምጃ መሄድ ግዴታ ነው። ሐዲዱ ዳር ሰዎች ቆመዋል። መካከላቸው አልጋ አለ።

"ሰው እንዳይጫን ነው ያሉት፣ አይደል?" አሉ አቶ የጌታሁን።

"አዎ፣ ጋሽ የጌታሁን።" አለች ፈርዶውሳ። "እኔ ግን የጉዞው ኃላፊ ነኝ። እዚህ እንዲቆሙ እጠይቅዎታለሁ። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።"

"ከቆምኩ ተጠያቂዎቹ ሁለት ነን" አሉና ፍሬኑን ሳቡ።

ኢዲልን ጉሃድና ወንድሞቿ ከነአልጋዋ ወደ ፉርጎው አወጧት። ሻሚስ ራሷን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ኤልሚ አልተሳፈሩም፤ ቤቱ ጣሪያ የለውም፣ ፍየሎቹም አጥር የላቸውም። መስኮቱ ሥር ቆመው የልጃቸውን እጅ ያዙ፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ለቀቁት።

ድሬዳዋ ሲደርሱ ኢዲል እየተንቀጠቀጠች ነበር። የጣቢያው ሰዎች መኪና አመጡ። ሐኪሞቹ ተቀብለዋት ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ፈርዶውሳ፣ ሻሚስና ጉሃድ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አቶ የጌታሁን ከነኮታቸው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ወጥታ እናትየው እንደተረፈች፣ ልጁም ወንድ እንደሆነና እያለቀሰ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሻሚስ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ፈርዶውሳ ጅግጅጋ ተመልሳ አቶ ማሃድ ፊት ስትቀርብ ትከሻዋ ላይ የተሸከመችው ብረት ያሳረፈው ቁስል ገና አልዳነም ነበር። ሁሉን እንደገና አስደገሟት። ያለ ፈቃድ ስለጫነችው ሰው ተቆጧት፤ ቁጣው እውነተኛ ነበር። ሲጨርሱ ግን ለባቡሩ ሰዎች ደወሉ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ መድረክ የለም ሲሏቸው "መድረክ እንሠራለን" አሉ፣ ጣቢያ የለም ሲሏቸው "ጥላ እናቆማለን" አሉ። መንደሩ እስከዛሬ ባቡር አስቁሞ አያውቅም ሲሏቸው "ትናንት ቆሟል" አሉና ወደ ፈርዶውሳ አዩ። የአዲጋላው አገልግሎት የተጀመረው ገረስሌን ጨምሮ ነው።

ኢዲል ከሆስፒታል ወጥታ በሻሚስ ቤት ጥቂት ካገገመች በኋላ ወደ መንደሯ የተመለሰችው በዚሁ ባቡር ነው። ፈርዶውሳም ለሥራ መጥታ አብራት ነበረች። ኤልሚ ከቤተሰባቸው ጋር በአዲሱ የሰሌን ጥላ ሥር ይጠብቁ ነበር። ከኮረብታው ጀርባ ቤቶቹ በእንጨት ወጋግራ እንደገና ተከድነዋል። አቶ የጌታሁን ባቡሩን በዝግታ አስጠግተው አቆሙት።

ኢዲል ወረደች። ሽማግሌው ልጁን ተቀብለው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾኩ። ከዚያ ወደ ሎኮሞቲቩ ቀና አሉ። አቶ የጌታሁን በመስኮቱ ተደግፈው ያዩአቸዋል።

"ይሄ ልጅ ሲያድግ" አሉ ኤልሚ፣ "ባቡር እዚህ ድሮም ይቆም የነበረ ነው የሚመስለው።"